ቦርሳውን ማን ያዘው?

ይኸውላችሁ፣ የሰፈራችን ዕቁብ ሠላሳ አባላት አሉት። እሑድ እሑድ ከሻይ ቤቱ ጓሮ እንሰበሰባለን፤ ገንዘባችንን እንከፍላለን፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ ዳኛው ይቆጥራሉ። ከዚያ ዕቁቡ ያልደረሳቸው አባላት ስም የተጻፈባቸው ጥቅልል ወረቀቶች ጣሳ ውስጥ ይገቡና በአካባቢው ሲጫወት የተገኘ አንድ ሕፃን ተጠርቶ አንዷን ያወጣል። ሕፃን የሚጠራበትን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሕፃን ተንኮል አያውቅም ተብሎ ነው።

ከአባላቱ አንዷ እንጀራ ጋግራ የምታድር እናት ናት። ዕቁቡ እንዲወጣላት የምትጠብቀው ሁለተኛ ምጣድ ለመግዛትና የልጇን የኮሌጅ ክፍያ ለመሸፈን ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሳምንት ዕጣ ወጣ፤ የእሷ ስም አልተጠራም። መቼም ዕጣ ነው፤ ማን ምን ይላል? በሃያኛው ሳምንት ግን የባለ ዕድሉ ስም ከተነበበ በኋላ ተነሣችና «እስቲ የቀሩትንም ፍቱልኝ» አለች። ጸሐፊው ቅር አለው። «አታምኚንም ማለት ነው?» አላት። ዳኛው አዛውንት ናቸው፤ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ይፈታ» አሉ። ተፈታ። አሥር መሆን የነበረባቸው ወረቀቶች ዘጠኝ ሆነው ተገኙ። የጎደለችው የእሷ ነበረች።

ጸሐፊው ረስቼ ነው አለ። ማለ፣ ተገዘተ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሕፃኑ ምንም አላጠፋም። ጣሳውም አላጠፋም። ሃያውም ዕጣ ሁላችንም እያየን ነው የወጣው። ሴትየዋ ግን ስሟ በሌለበት ጣሳ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ስንት ሳምንት «ዛሬስ ይደርሰኝ ይሆን?» እያለች እንደጸለየች ማንም አያውቅም።

ይህን ያነሣሁት የሰፈሬን ገመና ለማውጣት አይደለም። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ወጣት ወዳጄ፣ የኮምፒዩተር ሰው ነው፣ ቡና እየጠጣን አንድ ነገር ጣል አደረገብኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የምለው፣ ሕግ የሚያወጡ ሰዎች ለምን በዕጣ አይመረጡም?»

«እንደ ሎተሪ?» አልኩት።

«እንደ ሎተሪ። ገበሬውም፣ ታክሲ ነጂውም፣ ነርሷም እኩል ዕድል ይኑራቸው። ዕጣው ደግሞ በብሎክቼይን ይውጣ፤ ያኔ ማንም ሊያጭበረብር አይችልም።»

ሳቅሁበት። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍቴን ሳገላብጥ ግን ሳቄ እየቀነሰ መጣ። ለካስ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ከፓርላማም ከምርጫ ኮሮጆም ይበልጣል ዕድሜው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከአቴንስ እንጀምር። ዴሞክራሲ የሚለውን ቃል ያወረሱን እነሱ ናቸው እያልን በየስብሰባው እንጠራቸዋለን፤ ሹሞቻቸውን በአብዛኛው የሚመርጡት በዕጣ እንደነበር ግን ማንም አይነግረንም። ክሌይስቴኔስ የተባለው ሰው በ508 ዓመተ ዓለም ገደማ፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ሥርዓቱን ካሻሻለ በኋላ የጉባኤውን አጀንዳ የሚያዘጋጅ 500 ሰዎች ያሉበት ምክር ቤት ተቋቋመ። ከአሥሩ ነገዶች ከእያንዳንዱ 50 ሰው፤ ለአንድ ዓመት፤ በዕጣ። አንድ ሰው በዕድሜው ከሁለት ጊዜ በላይ እዚያ ሊቀመጥ አይችልም። ከዚህ ሌላ በየዓመቱ 6,000 ዜጎች በዕጣ ተመርጠው ለዳኝነት ይምላሉ። ከአምስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ቋሚ ሕግ ማውጣት ለብዙኃኑ ጉባኤ ብቻ መተው ቀርቶ «ኖሞቴታይ» ለሚባሉ ሕግ አጽዳቂዎች ተሰጠ። እነዚህም ከመሐላ ዳኞቹ መካከል የሚወሰዱ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዴ ቁጥራቸው 1,001 ይደርስ ነበር። የአሮጌው ሕግ ጠበቃና የአዲሱ ሕግ አቅራቢ ፊታቸው ቆመው ይከራከራሉ፣ እነሱ ሰምተው ይፈርዳሉ። ሕግን እንደ ተከሳሽ ችሎት ማቆም ማለት ነው። ይህ ነገር በጣም ይማርከኛል።

ሁሉን ነገር ግን በዕጣ አላደረጉም። የጦር አዛዦቻቸውን በምርጫ ነበር የሚሾሙት። ሕግ ለማውጣት ማንም ጤነኛ ሰው ይበቃል፤ መርከብ እየመራ የሚዋጋ ሰው ግን ሙያ ያስፈልገዋል ብለው ነው መሰለኝ። እኛ ዛሬ የምናስበው የዚህን ተቃራኒ ነው።

አሁን ወደ ዕጣው መሣሪያ ልምጣ። «ክሌሮቴሪዮን» ይባላል። ከሰው ቁመት የማይተናነስ የድንጋይ ሰሌዳ ነው፤ ፊቱ ላይ በረድፍ የተቆፈሩ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት። እያንዳንዱ ዜጋ ስሙ የተቀረጸበትን ትንሽ ሳንቃ ወይም ነሐስ ያመጣና በስንጥቁ ውስጥ ይሰካል። በጎን በኩል ቱቦ አለ፤ ነጭና ጥቁር ኳሶች ከላይ ይፈሱበታል፤ ከታች አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ነጭ ከወጣ ያ ረድፍ በሙሉ ለዕለቱ ዳኛ ሆነ፤ ጥቁር ከወጣ ረድፉ በሙሉ ወደ ቤቱ። የሚሰካው በሕዝብ ፊት ነው፣ ኳሱ የሚወርደው በሕዝብ ፊት ነው። ዳኞቹ ጠዋት ተመርጠው ያኑ ዕለት ስለሚፈርዱ ማታውኑ ጉቦ ሊያቀብል የሚፈልግ ባለጉዳይ ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። የዚህ ድንጋይ ስብርባሪ እስከ ዛሬ አቴንስ በሚገኘው የጥንታዊው ገበያ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ይታያል።

ስለዚህ መሣሪያ አሠራር ዝርዝሩን ያገኘነው በአርስቶትል ስም ከሚጠራው የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ጠፍቶ ኖሮ ከግብፅ አሸዋ በፓፒረስ ተገኝቶ በ1891 ነው የታተመው። ያው አርስቶትል በሌላ ሥራው ሹመት በዕጣ ሲሆን የሕዝብ አገዛዝ ምልክት ነው፤ በምርጫ ሲሆን የጥቂቶች አገዛዝ ምልክት ነው ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ምርጫ ላይ የታወቀው፣ ሀብታሙ፣ አንደበተ ርቱዑ ያሸንፋል። እስቲ ልብ በሉ፤ አርስቶትል ራሱ የስታጊራ ሰው ነበር። በአቴንስ መጻተኛ ነው። ስለዚያ ድንጋይ ሲጽፉ የኖሩት ጌታ ስማቸውን ሊሰኩበት አይችሉም ነበር! ሴቶችም አይችሉም። ባሪያዎችም አይችሉም። ከ451 ወዲህ ደግሞ እናቱም አባቱም አቴናዊ ያልሆነ ሰው ዜጋ አይባልም። የእንጀራ ጋጋሪዋ ወረቀት ትዝ አላችሁ?

ደግሞ ዕጣ የወደቀለት ሁሉ አስተዋይ ይሆናል ማለት አይደለም። በ406 የአቴንስ ባሕር ኃይል አርጊኑሳይ ላይ ድል ካደረገ በኋላ በማዕበሉ ምክንያት ባሕር ላይ የቀሩትን ሰዎች አላዳኑም ተብለው አዛዦቹ በአንድ ድምፅ፣ በጅምላ ይፈረድባቸው የሚል ነገር ተነሣ። ሕጉ እያንዳንዱ ለየብቻው ይዳኝ ይላል። ሕዝቡ ተቆጥቷል። በዚያ ዕለት ከምክር ቤቱ ሰብሳቢዎች መካከል በዕጣ የተቀመጠው ሶቅራጥስ ብቻውን አሻፈረኝ አለ። አልሰሙትም፤ ስድስቱ ተገደሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ ሶቅራጥስን ራሱን መርዝ እንዲጠጣ የፈረዱበትም በዕጣ የተመረጡ ዳኞች ናቸው። እንግዲህ ዕጣ እንዲህ ነው፤ ደፋሩን ሰው ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል፣ ገዳዮቹንም ያስቀምጣቸዋል።

ከአቴንስ ወደ ጣሊያን እንሻገር፤ ነገሬ የሚበስለው እዚያ ነው። የፍሎረንስ ከተማ ከ1328 ጀምሮ መሪዎቿን በዕጣ ታወጣ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በየጥቂት ዓመቱ ኮሚቴ ይቀመጥና ማን ለሹመት ብቁ ነው ብሎ በድምፅ ያጣራል። ያለፉት ስማቸው በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከቆዳ በተሠራ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በየሁለት ወሩ ከቦርሳው ዘጠኝ ስሞች ይወጣሉ፤ እነዚያ ከተማዋን ለሁለት ወር ብቻ ያስተዳድራሉ። ሁለት ወር! የእኛ ሰው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል፤ በሁለት ወር ውስጥ ግን ምን ያህል ይበላል?

በነገራችን ላይ «ቦርሳ» የምንለው ቃል ጣሊያንኛ ነው። የፍሎረንሶቹም የዕጣ ከረጢት ስሙ ይኸው «ቦርሳ» ነበር። ሰው ገንዘቡን እንጂ መንግሥቱን ቦርሳ ውስጥ ሲያስቀምጥ የማውቀው እዚያ ብቻ ነው።

ታዲያ በ1434 ኮሲሞ ደ ሜዲቺ የተባለው የባንክ ባለጸጋ ከስደት ተመለሰ። ዘውድ አልጫነም። ምክር ቤቱን አልዘጋም። ዕጣ አይጣል አላለም። ሰዎቹ እጃቸውን ያስገቡት ቦርሳውን ከሚሞሉት ባለሥልጣናት ላይ ነው። «አኮፒያቶሪ» ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች ለወሳኞቹ ወንበሮች በርካታ ስም ከማስገባት ይልቅ የሚታመኑትን ጥቂት ስሞች ብቻ ያስገቡ ጀመር፤ ሥራው «በእጅ መሙላት» የሚል ስም ወጣለት። ዕጣው ቀጠለ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ስም ወጣ፣ ሕዝቡ አየ። የሚወጣው ግን አስቀድሞ የታወቀ ነበር። የሜዲቺ ቤት ከተማዋን ለ60 ዓመት ያህል በዚህ ዓይነት መንገድ ያዘ። ጸሐፊያችንን ባልከስም፣ ይህን ሳነብ ጣሳችን ዓይኔ ላይ ድቅን አለ።

ቬኒሶች ለዚህ መድኃኒት የፈለጉት ነገሩን በማወሳሰብ ነው። ዶጄ የሚሉትን መሪያቸውን ለመምረጥ ከ1268 ጀምሮ 30 ሰው በዕጣ ያወጣሉ፤ ሠላሳው በዕጣ ወደ 9 ይቀነሳሉ፤ ዘጠኙ 40 ይመርጣሉ፤ አርባው በዕጣ 12 ይሆናሉ፤ እነዚያ 25 ይመርጣሉ... ልተወው፤ በመጨረሻ 41 ሰዎች ይደርሳሉ፤ እነሱ ዶጄውን ይመርጣሉ። ዕጣውን የሚያወጣው ደግሞ ከምክር ቤቱ አንዱ ወደ አደባባይ ወጥቶ መጀመሪያ ያገኘው ልጅ ነው። ልክ እንደ እኛ ዕቁብ! ይህ ጉድ ናፖሊዮን እስኪመጣ፣ እስከ 1797 ድረስ ሠርቷል። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው።

ሕፃኑ በእኛም ዘንድ እንግዳ አይደለም። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 2012 ፓትርያርኳን አቡነ ታዋድሮስ ዳግማዊን የሾመችው ዓይኑን የተሸፈነ ሕፃን ከሦስት ዕጩዎች ስም አንዱን አውጥቶ ነው። ያን ዕለት ያየሁት ነገር አይረሳኝም። ሦስቱ ስሞች በሚያስተላልፉ ክብ ዕቃዎች ውስጥ ሆነው በመስተዋት ጽዋ ታሽገው ነበር፤ አንዱ ከወጣ በኋላ የቀሩት ሁለቱም ተከፍተው ለሕዝቡ ታዩ። የቀሩት ለምን እንደሚፈቱ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።

ከአሜሪካና ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ዕጣ ከመንግሥት ሥራ ውስጥ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ የተረፈው ፍርድ ቤት ውስጥ ጁሪ ሆኖ ነው። አዲሶቹ መሪዎች የፈለጉት በሕዝብ ፈቃድ የሚሾም፣ ከሕዝብ ግን ላቅ ያለ ሰው ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

የተመለሰው በእኛ ዕድሜ ነው። በ2004 የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምርጫ ሕጓን እንዲያጠኑ 160 ተራ ዜጎችን በዕጣ ጠራች። ከሁሉ በላይ የሚነገርላት ግን አየርላንድ ናት። በ2016 የተጀመረው የዜጎች ጉባኤ 99 ዜጎችና አንዲት ዳኛ ነበሩበት። ፖለቲከኞቹ ለዓመታት በእሳት እንደተጠበሰ ድንች እየተቀባበሉ የሸሹትን የፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው ሐኪም ሰሙ፣ ሕግ ዐዋቂ ሰሙ፣ የተጎዱትን ሰሙ፣ የሚቃወሙትንም ሰሙ። በግንቦት 2018 የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 66.4 በመቶ ድጋፍ አግኝቶ ሕገ መንግሥቱ ተለወጠ። በውሳኔው የሚስማማም የማይስማማም ይኖራል፤ እኔ የማወራው ስለ አካሄዱ ነው። ቤልጂየም ውስጥ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ የሚኖሩበት ትንሽ ክልል ደግሞ በ2019 በዕጣ የሚወጡ 24 ዜጎች ያሉበትን ምክር ቤት ከፓርላማው ጎን ቋሚ አድርጎ አቆመ።

ዕጣ ሁልጊዜ ያሸንፋል ብዬ እንዳልዋሻችሁ፣ በመጋቢት 2024 እዚያው አየርላንድ ከሌላ የዜጎች ጉባኤ መነሻነት የቀረቡ ሁለት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች፣ መንግሥት ቃሉን ለውጦ ካቀረባቸው በኋላ፣ በሰፊ ልዩነት ተጣሉ። ፈረንሳይም በ2019 ለአየር ንብረት ጉዳይ 150 ዜጎች በዕጣ ሰበሰበች፤ ፕሬዚዳንት ማክሮን ሐሳባችሁን ሳላጣራ አቀርባለሁ ብለው ነበር፤ ከ149ኙ ሐሳቦች ብዙዎቹ ግን ሕግ እስኪሆኑ ድረስ ውሃ ተጨምሮባቸው ቀጠኑ።

አየርላንድ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ወዳጄ አልነገረኝም፣ እኔ ነኝ ያገኘሁት። በየካቲት 2018 ከጉባኤው አባላት ሰባቱ በዕጣ የመጡ እንዳልሆኑ ታወቀ። አባላት እንዲመለምል የተላከው ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረ ማንኳኳት ሰልችቶት ነው መሰለኝ በወዳጅ በዘመድ በኩል በስልክ ሰው አሰባሰበ። ሰባቱ ተሰናበቱ። ዋናው ክርክር ካለቀ በኋላ የገቡ ስለነበሩ ውሳኔውን አላበላሹትም። ግን አያችሁልኝ? ከሃያ አራት ክፍለ ዘመን በኋላም ዕጣ የሚበላሸው በዚያችው ቦታ ነው፤ ስም በሚለቀምበት።

አንዳንዴ ደግሞ ተንኮለኛም ሳይኖር ይበላሻል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 አሜሪካ ወደ ቬትናም የሚዘምቱ ወጣቶችን በልደት ቀናቸው ዕጣ አወጣች። 366 ሰማያዊ ፍሬዎች፣ በየአንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ቀን። ከጃንዋሪ ጀምሮ በየወሩ እየተከተሉ ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ በደንብ ሳይደባለቁ ወደ መስተዋት ማሰሮ ተገለበጡ። በኋላ የሒሳብ ሰዎች ሲቆጥሩት የዓመቱ መጨረሻ ልጆች ቶሎ ቶሎ እንደወጡ ታወቀ፤ የጃንዋሪ ልጆች አማካይ ተራ ከ200 በላይ፣ የዲሴምበር ልጆች ደግሞ 121 ገደማ። ማንም ክፉ አላሰበም። ያልተነቀነቀ ማሰሮ ግን በዲሴምበር የተወለደውን ጎረምሳ ወደ ጦርነት አቀረበው። በሚቀጥለው ዓመት ባለሙያ ጠርተው በሁለት በርሜል አወጡት።

እንግዲህ ወደ ወዳጄ ብሎክቼይን። እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ ባለሙያዎች ብትስቁብኝም አልቀየምም። የዕቁብ መዝገብ አስቡ። ዛሬ አንድ ጸሐፊ አንድ ደብተር ይይዛል፤ እሱ የሰረዘው ተሰረዘ። አሁን ሠላሳችንም ደብተር እንያዝ፤ የሚጻፈው ሁሉ በሠላሳውም ላይ ይጻፍ። በየገጹ ራስጌ ደግሞ ያለፈው ገጽ ማኅተም ይቀመጥ። ማኅተሙ ከገጹ ጽሑፍ በሒሳብ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ በሙሉ ይለወጣል። ስለዚህ የአምስተኛውን ሳምንት ገጽ ነካ ያደረገ ሰው ከስድስተኛው ጀምሮ ያለው ማኅተም ሁሉ ይሰበርበታል፤ ሠላሳውን ደብተር በአንድ ሌሊት ካላጭበረበረ በስተቀር ይያዛል። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጠራው ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ይህን በ2008 ጽፎ ያሰራጨው ለገንዘብ ነበር፤ ቢትኮይን የሚባለውን። በጃንዋሪ 2009 በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያስቀመጠው የለንደኑን ታይምስ ጋዜጣ የዕለቱን ርዕስ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተጻፈ ምስክር እንዲሆን።

ዕጣውስ? ሠላሳችንም በልባችን አንድ አንድ ቁጥር እናስብ። ማንም ሳያይ በታሸገ ፖስታ እናስቀምጥ። ሁሉም ካስቀመጠ በኋላ ፖስታዎቹ ይከፈቱ፣ ቁጥሮቹ ይደመሩ፣ ድምሩ ባለ ዕጣውን ይጠቁም። ከሠላሳው አንዱ ብቻ እውነተኛ ከሆነ ሃያ ዘጠኙ ቢዶልቱም ውጤቱን ሊያውቁት አይችሉም። ሕፃን አያስፈልግም፤ ጣሳም አያስፈልግም።

«አንድ ቀዳዳ ግን አለው» አልኩት ወዳጄን፤ ኩራት ቢጤ እየተሰማኝ። «መጨረሻ ላይ ፖስታውን የሚከፍተው ሰው የሌሎቹን ድምር አይቷል። የማይጥመው ከሆነ ‹ፖስታዬ ጠፋብኝ› ቢልስ?»

«ጋሼ እኮ ገብቷቸዋል!» ብሎ ሳቀ። ይህን ችግር እነሱም ያውቁታል ለካ። አንዳንዶቹ መያዣ ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ያልከፈተ ይቀጣል። ሌሎቹ የተወሰኑት ቢቀሩ እንኳ የቀሩት ተባብረው እንዲከፍቱት አድርገው ያሰናዱታል። ከ2019 ወዲህ በተለያዩ አገሮች ያሉ ድርጅቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው በዚህ ዓይነት ዘዴ ማንም አስቀድሞ ሊያውቀው የማይችለውን ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ ለዓለም ያወጣሉ። በ2012 የቱሪንግ ሽልማት የተሸለመው ሲልቪዮ ሚካሊ ያቋቋመው አልጎራንድ የተባለው ብሎክቼይን ደግሞ ቀጣዩን ገጽ የሚያጸድቁትን አባላት የሚመርጠው በዕጣ ነው። ጣሊያን ተወልዶ ያደገ ሰው መሆኑ ገርሞኛል።

ድክመቱን እናውራ። ብሎክቼይን የሚል ስም ተለጠፈበት ማለት ተጠበቀ ማለት አይደለም። ሞስኮ በ2019 ለከተማዋ ምርጫ በብሎክቼይን የተደገፈ የኢንተርኔት ድምፅ መስጫ አዘጋጅታ ኮዱን ለሙከራ ክፍት ስታደርግ ፒየሪክ ጎድሪ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ምሥጢራዊ ቁልፉን በተራ ኮምፒዩተር በ20 ደቂቃ ገደማ ሰበረው። ምክንያቱ ቁልፉ አጭር መሆኑ ነው። በጊዜው መነገሩ በጀ፤ አስተካከሉት።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንላለን። ብሎክቼይን ከወረቀትም ይብሳል፤ የያዘውን ፈጽሞ አይለቅም። እውነት ከያዘ እውነት፣ ውሸት ከያዘም ውሸት። የእንጀራ ጋጋሪዋ ስም በሌለበት ዝርዝር ላይ በዓለም የረቀቀውን ዕጣ ብናወጣ፣ ስሟ አለመኖሩ በሠላሳ ደብተር ታትሞ ይቀመጣል እንጂ ሌላ ምን ይፈጠራል?

ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ደርሷል። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው ከወር ደመወዛቸው እየቆረጡ የቆጠቡ ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ጠበቁ። በኮምፒዩተር የወጣ ዕጣ ነው፤ የሰው እጅ አልገባበትም ተባለ። ቀናት ሳይቆዩ የከተማው መስተዳድር ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ፤ ዕጣ ውስጥ መግባት የማይገባቸው ሰዎች ስም በሲስተሙ ውስጥ ተገኝቷል ተባለ፤ የሚመለከታቸው የሥራ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ታሰሩ። ከወራት በኋላ ዕጣው እንደገና ወጣ። በመካከል ግን ደርሶኛል ብሎ እልል ያለ፣ ጎረቤት ሰብስቦ ቡና ያፈላ ሰው ነበር። እኔ የማውቃት አንዲት ባልቴት እልል ካለች በኋላ ለሳምንታት ከቤት አልወጣችም፤ ሰው «እንኳን ደስ ያለሽ» ሲላት ምን ብላ ትመልስ?

ስለዚህ ወዳጄን እንዲህ አልኩት። ዕጣው ይጣል፤ እቃወማለሁ አልልም። ከተመረጠው ፓርላማ ጎን በአንድ በአንድ ሕግ ላይ ቁጭ ብለው የሚመክሩ፣ ሲጨርሱ ወደየቤታቸው የሚመለሱ፣ ለድጋሚ ምርጫ ሲሉ ቃላቸውን የማያጣምሙ ተራ ሰዎች ቢኖሩ አልጠላም። የእንጀራ ጋጋሪዋ ስለ ምግብ ዋጋ ሕግ ስትመክር ለመስማት እጓጓለሁ። ቁጥሩንም ማሽንህ ያውጣው። ግን ከዚያ በፊት ዝርዝሩ ይታየኝ። መታወቂያ የሌለው የጎዳና ልጅ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ መጠለያ ውስጥ ያለ ገበሬ፣ በሰው ቤት የምትሠራ ስሟ በየትም ያልተመዘገበ ልጅ ጣሳው ውስጥ አሉ ወይ? ዕጣ የደረሰውስ ሰው የቀን ሥራውን ትቶ የሚመጣበት አበል አለው ወይ? አቴናውያን እንኳ ለዳኞቻቸው በቀን ሦስት ኦቦል ይከፍሉ ነበር፤ ድሃው እንዲመጣ።

ወዳጄ ትንሽ አሰበ። «ዝርዝሩንም ብሎክቼይን ላይ ብናደርገው...» አለ።

«ማን ይጻፈው?» አልኩት። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሌላ አዘዝን።

የዕቁባችንን ነገር ሳልጨርስ ልቀር ነው። ዳኛው ያን ዕለት እዚያው አዲስ ደንብ አወጡ። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ሰው ስሙን በገዛ እጁ ይጽፋል፣ ራሱ ጠቅልሎ ራሱ ጣሳው ውስጥ ይጨምራል፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ የቀሩት ወረቀቶች በየሳምንቱ በሁሉም ፊት ይፈታሉ። የእንጀራ ጋጋሪዋ የዚያን ሳምንት ባለ ዕድል አሳምና ቅድሚያውን ወሰደች። ጸሐፊው እስከ ዛሬ አኩርፎ ይመጣል፤ ግን ይመጣል። ባለፈው እሑድ የቀሩት ወረቀቶች ሲፈቱ አንዱ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ምንም አልተጻፈበትም። ሁሉም ጸሐፊውን ገላመጠው። ወረቀቱ የእኔ ነበር፤ እስክሪብቶዬ ቀለም ጨርሶ ኖሮ ሳላየው ጠቅልዬ ጨምሬዋለሁ።